አልጓጎለም

ተምትሜ፣ ስማኝማ፣ ስልኩን አትዝጋብኝ፣
ወሬ አለኝ ትኩስ፣ ከምድጃ የወረደ፣ እንዳይቀዘቅዝብኝ።

ሽሮዬ ትናንት አልጓጎለም!
እውነቴን ነው፣ አንድ እንኳ ጓል የለም።
በማንኪያ ጀርባ ዳብሼ፣ ከድስቱ ሥር ድረስ ፈልጌ፣
አጣሁ፤ እንደ ጠፋበት ሰው ደጋግሜ ፈትጌ።

የበፊቱን ታውቀዋለህ። ያ በጥቅምት ይዤው የመጣሁት፣
ሹፌሮች ክፍል፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ እንደ ቦምብ ያፈነዳሁት፣
ሃርጂት ሸሚዙ ላይ ጠብታ አግኝቶ
ሳምንቱን «ሼፍ» አለኝ፣ ባየኝ ቁጥር ድምፁን አጉልቶ።

ምስጢሩ ምን መሰለህ?
ዱቄቱን በቀጥታ ከፈላ ውኃ አታጋፍጠው፣
መጀመሪያ በቀዝቃዛ፣ በብርጭቆ፣ በጥብጠህ አስተዋውቀው።
ሰው እንኳ ድንገት ቢጥሉት ከሚንተከተክ ጉባኤ መሀል
ኩምትር ብሎ ይቀር የለም? ዱቄትም እንዲያ ይሆናል።

ሽንኩርቱን ደግሞ ያስተማረችኝ ኦልሃ ናት፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው፣
የጭስ ደወሉ ሲጮህብኝ ፎጣ ይዛ የመጣችው።
መስኮቱ በውርጭ ተሰፍቶ አልከፈት ብሎን፣
እሷ በፎጣ፣ እኔ በትራስ፣ ጣሪያውን ስናራግብ ቆይተን፣
ዝም ሲል ጊዜ ድስቴን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣
እሳቱን ከስምንት ወደ ሁለት አወረደች።
ቋንቋዋን አላውቅ፣ እንግሊዝኛችን የሁለታችንም ሲሶ፣
መዳፏ ግን «ቀስ፣ ቀስ» አለ፣ ከፍ ብሎ ዝቅ ብሎ ተመልሶ።

ከዚያ ወዲህ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ክዳን ደፍቼ፣
የራሱን ውኃ እስኪያወጣ እጠብቃለሁ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ።
ሲለሰልስ ዘይት። ነጭ ሽንኩርት ኋላ፤ ከቸኮልክ ያርርና ይመራል።
ጨው መጨረሻ፤ ዱቄቱ ውስጥ ስንት እንዳለ ማን ያውቃል?
ቃሪያዋን እሳቱን ካጠፋህ ወዲያ ሰንጥቀህ ጣል፣
ሙቀቱ ይበቃታል።

ለኦልሃ በሰሃን ወሰድኩላት፤ በጥቁር ዳቦ በላችው።
ሰሃኑ ሲመለስ የታጠበ መስሎኝ ነበር፤
ለካ ጠርጋው ነው።

አሁን ጉዱን ስማ።
የተረፈውን፣ ፍሪጁ በጎመንና በድንች ስለሞላ፣
በረንዳ አወጣሁት፤ ዊኒፔግ ራሷ ፍሪጅ አይደለች? ምን ያስፈልጋል ሌላ?
ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነበር ሌሊቱ፣
ጠዋት ብወጣ፣ ክዳኑ ተጣብቋል ከድስቱ፣
ድስቱም ከበረንዳው፤ ሽሮዬም ከዳር እስከ ዳር አንድ ትልቅ ጓል!
ስንት ደክሜ ጓል ያሳጣሁት፣ ራሱ ጓል ሆኖ አድሯል።

ሳቅ፣ ሳቅ። እኔም ብቻዬን ስቄያለሁ፣ በነጠላ ጫማ፣
ትንፋሼ ጢሜ ላይ እየነጣ፣ የአውቶቡሶች ሞተር ከሩቅ እየተሰማ።

ግን አልጣልኩትም። ሙቅ ውኃ በድስቱ ዳር፣
ደግሞ በማንኪያ እጀታ፣ ደግሞ በትንሽ እርግማን፣ እስኪለቅ ድረስ መታገል ነበር።
ምድጃው ላይ፣ ሁለት ቁጥር፣ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጌ፣
የኦልሃን መዳፍ እያሰብኩ፣ ችኮላዬን ሸሽጌ፤
በዳር በዳሩ ቀለጠ፣
ኋላም ፏ ብሎ ተንፈቀፈቀ፣ ሽታው ኮሪደሩን አቋረጠ።

በዚያው አስካለ ከሌሊት ተራዋ ገባች፣ ከሆስፒታል፣
ጫማዋ በረዶ፣ ዓይኗ እንቅልፍ፣ ፊቷ ደክሟል።
ኮቷን ሳታወልቅ፣ ቆማ፣ አንድ ጎረሰች፤ ሁለተኛ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታበላኝ የኖረች የኔ ዳኛ።
እኔ ምራቄን ውጬ ማንኪያዋን እከተላለሁ።
አየችኝ።
«ከየት ገዛኸው?»

ተምትሜ፣ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምተህ ታውቃለህ?
መልስ አልሰጠሁም። ያደረውን ብርጭቆ፣ ዱቄት የበጠበጥኩበትን፣
ገና ያልታጠበውን፣ ከመደርደሪያው አንሥቼ አሳየኋት፣ እንደ ማስረጃ።

በል ልተኛ፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ዙር የኔ ነው።
ነገ ላንተም ይዤ እመጣለሁ።
አንተ ለማይክሮዌቩ ክዳን ግዛ፤
ለሃርጂትም ንገረው፣ በደህና ሸሚዙ ይምጣ።