በሰም የታሸገ

ግልጽ የጨረታ ማስታወቂያ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የወጣ፤
በመጀመሪያው ዙር ሰነድ ሊገዛ አንድ ሰው እንኳ አልመጣ።
የተየብኩት እኔ ነኝ፣ አራዳ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣
ከመስኮቴ ሥር ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ተራ ሲጠብቅ።
የእኔም ከመሀላቸው አለ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረ፤
በአሥራ ሁለት ቀን አንዴ ነው ውሃው፣ እሱም ካልቀረ።

«ከአንገረብ ግድብ እስከ አዘዞ የተዘረጋውን መስመር
አስፈትሾ የሚያፈስበትን ቦታ ማወቅ ስለተፈለገ፣
የዘመኑን ግብር የከፈላችሁ፣
የጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ ማስያዝ የምትችሉ፣
ቴክኒካሉን ለብቻ፣ ፋይናንሻሉን ለብቻ፣
በሰም በታሸገ ኤንቨሎፕ …»

እዚህ ላይ ጣቴ ቆመ።
ሰሙስ እሺ፤ ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት በጥቂት ብር ይገዛል።
ወርቁ ግን ከአስፋልት በታች ነው፣
ጨለማ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል፣
ቆጣሪ ሳያየው።

ጋሽ አዛናው ሰነድ የለውም፤ ያለው አንድ ዘንግ ብረት፣
ጫፉ በእጁ ወዝ የጠቆረ፣ ሠላሳ ዓመት የሠራበት።
ሌሊት በስምንት ሰዓት፣ ባጃጁ ሁሉ ሲተኛ፣
ይወጣል ብረቱን ይዞ፣ ያለ ጓንት፣ ያለ ጓደኛ።
አንዱን ጫፍ ከቱቦው አናት፣ ከመንገዱ ላይ ተክሎ፣
ሌላውን ከጆሮው ያስጠጋል፣ አንገቱን አጋድሎ።
«ትንሽ ቀዳዳ ያፏጫል፣ ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል፤
ትልቁን ፍሪ፣ ልጄ፤ እሱ ዝም ብሎ ይወስዳል።»

ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ አልሰፈረም።

ሐሙስ፣ በስምንት ሰዓት፣ ሳጥኑ ተዘጋ።
(ያው ስምንት ሰዓት ነው፤ ግን የቀኑ።)
ሦስት ኤንቨሎፕ። የአንዱ ሰም ገና አልደረቀም፤
ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ሰብሳቢው አቶ ሙጬ አየኝ፣
እኔም አየሁት፣
ፈረምን።

ለልምድ ሃያ ነጥብ፣ ለመሣሪያ ሠላሳ፤
ለጆሮ የሚሰጥ ነጥብ በመስፈርቱ ውስጥ የለም።
አሸናፊው ሮቦት አለው፣ እንደ ጥንዚዛ የሚሳብ፣
ግንባሩ ላይ መብራት የታሰረ፣ ገመዱን ከኋላው የሚስብ።

በሦስተኛው ቀን ማራኪ ላይ ገብቶ ቀረ።
ስክሪኑ ጠቆረ። መሐንዲሱ ገመዱን ሳበ፤ ገመዱ ባዶውን መጣ።
ይቆፈር ቢባል፣ የት?
ሲመሽ አንዱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ያ ሽማግሌ የታለ?» አለ።

መጣ። ዘንጉን ተከለ። ባጃጆቹን አስቆመ፤
አሥር እርምጃ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ቆመ።
«ጥንዚዛችሁ እዚህ ነው፤ እንደ ንብ ያጉረመርማል።»
ቀና ሊል ነበር፤ ተመልሶ ጎነበሰ።
ብዙ ቆየ። ከዚያ ብረቱን ከጆሮው አነሳና
«ከሥሩ ደግሞ ያ ዝምተኛው አለ» አለን።

ቆፈሩ። ከጥንዚዛው በታች ሰው የሚያቆም ጉድጓድ ተገኘ፣
የስንት ዓመት ሰልፋችንን ጠጥቶ የተኛ፣ ያልተናገረ።

ክፍያውን ልጽፍለት ፋይል ከፈትኩ፤ ኦዲት ግን ደብዳቤ ላከ፦
ያለ ውድድር አይከፈልም፤ ሦስት ፕሮፎርማ ይቅረብ።
ሦስት ጆሮ ከየት ላምጣ? ሰውዬው ያለው ሁለት ነው፤
የቀኙም ቢሆን ዘንድሮ፣ ከዕድሜ ጋር፣ እየከዳው ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩ።
ሳል ሳል አለው፣ አየር ተፋ፣ ዝም አለ።
የማስታወቂያው መጨረሻ ሁሌም አንድ ነው፣ በቃሌ አውቀዋለሁ፤
ዛሬ ግን ባለመብቱ ተቀየረብኝ፦

ውሃው የተሻለ አማራጭ ካገኘ
በሙሉም ሆነ በከፊል
እኛን የመሰረዝ መብቱ
የተጠበቀ ነው።