መቶ ሃምሳ ሦስት ለሰባት

በስቶርኖዌይ ወደብ ዳር፣ ከገመድ ሻጩ ቤት በላይ፣
አንዲት ክፍል አለችን፣ መስኮቷ ባሕር የሚያይ።
ሰኞ ኳስ ነው፤ ካሉም ማንም ሳይነካው ይወድቃል፣
"ፋውል!" ብሎ ይምላል፣ ቀድሞም እሱው ይስቃል።
ረቡዕ ማገዶ ተሸክመን ላረጁት እናድላለን፣
አምፖል የተቃጠለበት ካለ፣ ወንበር ላይ ቆመን እንቀይራለን፤
ወይዘሮ ማክራይ ግን ድመቷ ካልፈቀደች አታስገባም፣
አንዴ ካስገባች ደግሞ ብስኩቱ ሳያልቅ አትለቅም።
ሐሙስ ጥናት ነው።

ወንበር የምደረድር፣ ኩባያ የማጥብ እኔ ነኝ፤
ሰው ሲጎድል ከሁሉ በፊት እጄ ነው የሚነግረኝ።
ዓምና አሥራ ስድስት ነበርን። ግማሹ ግላስጎው ተሻገረ፣
አንዱ አገባ፣ አንዱ ሰለቸው፣ አንዱ በሌሊት ፈረቃ ቀረ።
ኡና ግን አልቀረችም፤ ኡናን ያስቀረናት እኛ ነን።
"አባቴ ሳያምን ሞተ፤ የት ብዬ ልፈልገው?" ስትለን፣
ሩዋሪ ምዕራፍና ቁጥር እየጠራ ጥቅስ ደረደረባት፤
እኔ ደግሞ፣ ጓደኛዋ፣ ኩባያዬን እያየሁ ዝም አልኩባት።
አንድ እጇን ካፖርቷ ውስጥ፣ አንዱን ውጭ እንዳደረገች
ደረጃውን ወረደች።

ያለፈው ሐሙስ ንባባችን የጥብርያዶስ ባሕር ዳር፤
ሌሊቱን ባዶ ያደረ መረብ፣ ሲነጋ ሞልቶ የሚከብድበት ነበር።
ኢለይ "መቶ ሃምሳ ሦስት" የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤
"ዓሣው ለምን ተቆጠረ?" ብላ ጠየቀች።
ሩዋሪ ምሥጢር አለው ብሎ ማስታወሻውን ገለጠ፤
ካሉም በስልኩ ደመረ፣ አባዛ፤ ምሥጢሩ ግን አመለጠ።

ሙርዶ ጥግ ላይ ነው፤ የአጎቱ ጀልባ ሠራተኛ፣
ስድስት ወር ሙሉ ከ"እለፉኝ" በቀር ቃል ያልተነፈሰ ለእኛ።
የዓሣ ቅርፊት ደርቆ የሚያብረቀርቅበትን እጁን አነሣ፤
"ምሥጢር የለውም" አለ። "ሰው ለድርሻ ነው የሚቆጥር ዓሣ።
ጀልባዋ ላይ ሰባት ነበሩ። ለሰባት ሃያ አንድ፣ ሃያ አንድ።
ስድስት ይተርፋል፤ እሱ ለቁርስ ነው፤ ፍሙ ነበር አሉ ሲነድ።"

"ጴጥሮስስ?" አለች ሺና። "ሦስቴ አላውቀውም ያለው?"
"ገመዱን ስቧል። ሃያ አንድ ዓሣ ነው ድርሻው።
ቶማስም፣ ጣቴን ካላገባሁ ያለው፣ ሃያ አንድ።
ስማቸው ያልተጻፈው ሁለቱም ሃያ አንድ፣ ሃያ አንድ።"

ከዚያ ዝም። ማሞቂያው ቧንቧ ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ ተሰማ።
ኢለይ ያዘጋጀችውን የጥያቄ ወረቀት፣ ስምንት ጥያቄ ነበረበት፣
አራት ቦታ አጥፋ ከሚነቃነቀው የጠረጴዛ እግር ሥር ከተተችበት።

ሙርዶ ከበሩ ጀርባ ከረጢት ጎትቶ ጋዜጣ አነጠፈ፤
ሠላሳ ሰባት ማኬሬል፣ ጀርባቸው ሰማያዊ፣ አንዱም ቀለሙ ያልረገፈ።
አምስት አምስት አድርጎ በሰባት ክምር ከፈለ፤
ሁለት ተረፈ። "ለማክራይ ድመት" አለ።
"ስድስት ነን እኮ" አልኩት፣ ቆጣሪዋ እኔ፣ ትንሽ ኮርቼ።
"ኩባያ ስንት አወጣሽ?"
ዞሬ አየሁ። ሰባት ነበር።
ከፋሲካ ወዲህ፣ ለካ፣ በየሐሙሱ ሰባት ነበር።

ዝናቡ እንደ ልማዱ በአግድም ይዘንባል።
ለኡና ጥያቄ መልስ አልያዝንም፤ አምስት ዓሣ ይዘናል።
ያንኳኳው ሩዋሪ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ፤
ጥቅስ ሊጠቅስ ነው ብዬ ልቤ ፈራ፣ አላደረገ።
"ድርሻሽ ነው" አለ ብቻ፣ ጋዜጣው በእጁ እየራሰ።

ኡና ዓሣውን አየች፤ ቆይታ እኔን አየች።
"አንጀቱን እንኳ አላወጣችሁለትም" አለች።
በሩን ግን አልዘጋችም።
ቢላ ልታመጣ ገባች።