መስኮት አራት

ከፒያሳ ቁልቁል፣ በቸርችል ጎዳና፣
ዘርፌ አታሚዋ ደረሰኟን በፌስታል ቋጥራ መጣችና
መስኮት አራት ቆመች።
ለሥልጠናው ፈንድ መዋጮዋን ወር ጠብቃ ከፍላለች፤
ምንተስኖትን ልካ ሦስት ወር አስተምራለች፤
ያወጣችው እንዲተካላት፣ ያን ልትጠይቅ መጥታለች።

«እዚህ ጋ ፊርማ የለም» አለ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ፣
«ሐሙስ ለት የት ነበር ሠልጣኙ፣ ከክፍል አምልጦ?»
ዝም አለች።
የሠርግ ካርድ ደርሶባት፣ ማሽኑ ቀለም ሲተፋ፣
ራሷ ጠርታው ነበር፣ የደንበኛ ፊት እንዳይከፋ።

«ማኅተምም ይጎድላል።»
ሳቅ ቀደማት።
ይህንኑ ቅጽ፣ ከነመስመሩ ከነቤቱ፣
ያተመው ምንተስኖት ነው፣ ሠልጥኖ በገባ በሳምንቱ።
ስንቱን ስታትም የኖረች
ማኅተም አጥታ ተመለሰች።

ዳገቱ ላይ ቆም ብላ ጆሮዋን ጣል ብታደርግ፣
ማሽኑ ከላይ ይሰማታል፤
እንደ ድሮው አይንተባተብም።
ፌስታሉን አጥብቃ ያዘች። ማክሰኞ ትመጣለች።