ጥያቄ ቁጥር ዘጠኝ

ከሰፈሩ ጽሕፈት ቤት የተላከች ወጣት፣
ጫማዋን በር ላይ ጥላ፣ ጉልበቷ ላይ ወረቀት፣
«ከባድ አይደለም» አለች፣ «ከአንድ እስከ አምስት ነው፤
ለእንቅልፍሽ ቁጥር ስጪው፣ ለሆድሽም ስጪው።»

የባል ስም የሚለውን በሰረዝ አለፍኩት።
እጄ ለምዶታል። በትምህርት ቤት ቅጽ፣
በክትባት ካርድ ላይ፣ በኪራይ ውል ገጽ፣
«አባት» ሲል አግድም መስመር መቅረጽ።

እናቴ ከቲያንሹይ ስትደውል ማታ ማታ፣
ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ሌባ ፈርታ፣
«ለጎረቤት ያልኩት ባልሽ ደቡብ ሄዷል፣
ሼንዠን ነው ሥራው፣ ለበዓል ይመጣል።»
ሦስት የፀደይ በዓል አለፈ። ሰውዬው ግን የለም፤
ደሞዙ በእናቴ አፍ መጨመር አላቆመም።

ጥያቄ ዘጠኝ ላይ ደረስን።
«ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ልጅሽ ቢታመምብሽ
ማንን ትጠሪያለሽ? ብዛቱ በቁጥር ይጻፍ።»

ዜሮ ጻፍኩ።
ልጅቷ ቀና ሳትል «እሺ» ብላ ገለጠች።

ያኔ ቧንቧው ጮኸ።
የማሞቂያው ቧንቧ፣ ዝገት የቀመሰው፣
ስድስቱንም ፎቅ ሰንጥቆ የሚያልፈው፣
አንዴ ብቻ፦ ቋ።

ዩንሺያ ናት። ገባሁ ማለቷ ነው።

አራተኛ ፎቅ ነች፤ ልጇ የዶውዶው እኩያ፤
ቀን አውቶቡስ ትነዳለች፣
እኔ ሌሊት ሆስፒታል፣ አንሶላ ማጠቢያ።
ለምን እንደተፋታች እስካሁን አላውቅም፤
እሷም አንድ ቀን እንኳ ጠይቃኝ አታውቅም።
ቁልፏ እኔ ጋ ምስማር ላይ፣
ቁልፌ እሷ ጋ የሩዝ ጣሳ ውስጥ።

ባለፈው ኅዳር፣ በዕረፍት ሌሊቴ፣
ዶውዶው በትኩሳት ስትነድ
በማንኪያ ሁለቴ መታሁ።
ሦስተኛውን ሳልመታ በሬ ላይ ቆማለች፣
የልጇን ነጠላ ጫማ ተጫምታ፣ ተረከዟ ውጭ።
«አይዞሽ» አላለችኝም።
«ፎጣ የት አለ?» ነው ያለችው።

«ቆይ» አልኳት ልጅቷን፣ «ወደ ኋላ መልሺው።»
ዜሮዋን ሰርዤ አንድ ጻፍኩባት።
«ዝምድናችሁ?» አለች፤
ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ሌላ።
«ሌላ» ከሚለው ፊት «ቧንቧ» ብዬ ጻፍኩ።
አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

እኔ ማንኪያ ፍለጋ ብድግ አልኩ፤
መልስ ከዘገየባት ያቺ ሴት አታርፍም፣
ሾርባዋን እሳት ላይ ጥላ
ደረጃውን ትወጣዋለች።