ጉልበት

ከደረጃው በታች፣ መስኮት በሌላት ክፍል፣
ከእርጥብ ካልሲ ጋራ የኑግ ዘይት ሽታ ስካፈል፣
ኤቦ እግሩን ዘርግቶ ጣሪያውን ያያል፤
«ዶክተር ውባንተ» ይለኛል።
ዶክተር አይደለሁም።
ወጌሻ ነኝ። አባቴም ወጌሻ፣
የሽምብጥ ወለምታ ሁሉ መድረሻ።
መጽሐፍ ብዙ አልገለጥኩም፤ አጥንት ግን አነባለሁ፣
ቆዳ ሥር የተጻፈን በአውራ ጣት አገኛለሁ።

ይኸውላችሁ የግራው፦
ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ሦስት ጊዜ ተዘጋ፣
እንደ ድሃ መዝጊያ ሲጢጥ ይላል ሲነጋ።

የላይኛው ስፌት ቀጭን ነው፣ የሀብታም አገር ክር፤
ከጋና፣ ከሰኮንዲ ወደብ፣ ከዓሣ ገበያው ዳር፣
ደላላ መርጦ ወስዶት፣ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ
(ይህን ያለው ወረቀቱ፤
አጥንቱ ሌላ ይላል። አልጠየቅሁም፤ እሱም ዝም፣
ጉልበት እንደ ፓስፖርት መዋሸት አይችልም)
ሣሩ በረዶ በሆነበት፣ ሰው ትንፋሹን በሚያይበት፣
ገንት በምትባል ከተማ። እኔ የሰማሁት «ገነት»።
«ገነት ደግሞ ኳስ አለ?» ብለው፣
ሳቀና ስልኩን አወጣ፣ ጎሉን አሳየኝ፣ ይኸው፦
ቅዳሜ ማታ ነው፣ መብራቱ እንደ ቀን፤
በግንባሩ ሲገጫት መረቡ ሲያብጥ አየን።
ሕዝቡ «ኤቡ! ኤቡ!» ይላል።
አላረማቸውም፤ ደስታ ላይ ማን ያርማል፣
ስም ተሳስቶም ቢሆን መጠራት ይጥማል።

ሁለተኛው ስፌት ስዊድን። «በውሰት ላኩኝ» አለ።
እኛ አገር የሚዋሱት በሬ ነው፤ ለካ ሰውም አለ።
የውሰት በሬ ደግሞ ጥላ መች ያገኛል፣
ፀሐይ ጠልቃም ቢሆን ቀንበር ይጎትታል።

ሦስተኛው ሻካራ ነው፣ ጣቴን ይይዘዋል።
ቆጵሮስ። አምስት ወር ሙሉ ደሞዝ «ነገ» ተብሏል።
ሐኪሙን ከፈለ ከገዛ ኪሱ፤
ክሩም እንደ ኪሱ።

አንድ ቀን እያሸሁት፣ አማርኛ ላስተምረው ብዬ፣
ጉልበት ሁለት ነው አልኩት፤ አንዱ ይኸው የሚታጠፈው፣
ሌላው አቅም ነው፤ የቀን ሠራተኛ ማለዳ ቆሞ የሚሸጠው።
ዝም አለ። ብዙ ዝም አለና፣
«አማርኛ ያውቁ ነበራ!» አለኝ አንገቱን አቅና፣
«ሁለቱን በአንድ ዋጋ ነው የገዙኝ።»

ማታ ወደ ሐይቁ ወረድን፣ በቀስታ፣ እሱ እያነከሰ።
ጣቱን ነክሮ ቀመሰ።
«ጨው የለውም» አለ፣ እንደ ተታለለ ሰው።
እንቦጩ ሐምራዊ አበባውን አውጥቶ ዳርቻውን ሸፍኖታል፤
ማንም አልጋበዘው፤ ሥሩ መሬት ሳይነካ ይኖራል።
ኤቦ ቆሞ አየው። ምን እንዳሰበ እንጃ።

ከዚያ የአባቱን ጀልባ አሳየኝ፤ በመጀመሪያው ደሞዝ የተገዛች፣
ቢጫ የተቀባች፣
በጎኗ በትልቁ «ገንት» ተብሎ የተጻፈባት።
ከተማይቱ ረሳችው፤ ጀልባይቱ ግን በየሌሊቱ
ያላየችውን አገር ስም ተሸክማ ትወጣለች፣
ሲነጋ ሰርዲን ታወርዳለች።
አባቱ ዛሬም እዚያው የሚጫወት ይመስለዋል።
«የት ነህ?» ብሎ ሲደውል፣ ምን ይለዋል?
የከተማችንን ስም ትርጉም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።
በቋንቋቸው አወሩ። «ምን አልከው?» አልኩት።
«ባሕር ዳር ነኝ አልኩት።
አልዋሸሁም።»
ጨው የለውም እንጂ።

እሁድ፣ ሰባኛው ደቂቃ፣ አንድ ለባዶ እየተመራን፣
የምሰሶው ጥላ እስከ ማዕዘን ምቱ ሲደርስ፣
አሠልጣኙ ዞረ፦ «ውባንተ፣ ጉልበት አለው?»
ኤቦ ጫማውን እያሰረ ነበር። አላየኝም።
ሳያየኝ ግን እጁ ማሰሪያው ላይ ቆመ።
ሁለቱንም ጉልበቶች በጣቴ አውቃቸዋለሁ፤
አንዱ አልቋል።
«አለው» አልኩ።
የትኛው እንደሆነ አልጠየቀኝም።