ዳፍንት

መብራት ሄደ። ከጠባሴ እስከ በሬሳ ማዶ፣
ስመ ብርሃኗ ከተማ ቀረች፣ ስሟ ከላይዋ ተቀዶ፤
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው የቀን ፈረቃ ሲወጣ በዳበሳ፣
እኛ አራታችን ከልብስ ሰፊው ጓዳ ለዘመቻ ስንነሳ።

ዘመቻው የወረቀት ነው፤ ዋሻው በእርሳስ ተስሎ፤
ዳይሱ ሃያ ገጽ አለው፣ ከበሬ ቀንድ ተፈልፍሎ።
ኃይለልዑል ዳኛ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ነው መጽሐፉ፣
ቢደበዝዝም ይነበባል የፍጡራኑ ዝርዝር እስከ ጫፉ፦

"ጆሮ ሹሉ በጨለማ ያያል። ድንኩም ያያል፣ ጉድጓድ ነው ቤቱ።
ቀንዳሙም ያያል። ግማሽ ጆሮ ሹሉም ያያል፣ በእናቱ።"
"ሰውስ?"
"ሰው አያይም።"

ዓባይነህ ሳቀ፦ "ሁሉም ካየማ፣ ይህ ሁሉ ኩራዝ ለማን ተሸጠ?
ማንም የማይፈራው ጨለማ ምን በላ? ማንን ዋጠ?"
"እንሰርዘው" ተባባልን። "ጆሮ ሹልም ድንክም ይቅር፤
የኛን ፍጡር እንጻፍ፣ የጣርማበርን ብርድ የሚዳፈር።"

ጭላዳ ቀረበ መጀመሪያ፣ የጓሳ ገደል ዜጋ።
"እሱማ ጀምበር ስትጠልቅ ገደል ሙጥኝ ብሎ ነው የሚያነጋ፤
ሌት የሚያይ ቢሆን መች ያድር ነበር ባፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ?"
ተሰረዘ፤ ደረቱ ላይ ቀዩ ማኅተም ብቻ ቀረ ተስሎ።

ጉም-ወለድ ቀጠለ፣ ከመንገዱ ዋሻ አፍ የሚኖር፣
የአይሱዙ መብራት ብቅ ሲል ተኖ የሚሰወር።
"ማየት ምን ያደርግለታል? ራሱ አይደል ወይ ጨለማው?"
አለ ዳኛችን፤ ማንም አልተከራከረው።

"ጅብ-ለበስስ?" አልኩ እኔ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ሌላ ማንም አይደለም።
"ቀን ሸክላ ሠሪ፣ ቀን ብረት ቀጥቃጭ፤ ለሱ ግን ሌት አይጨልም።
ዓይኑ አረንጓዴ ይነዳል፤ ስድሳ ክንድ ያያል" ብዬ፣
ዕውቀት መስሎኝ፣ ከሰፈር የለቀምኩትን ሁሉ ቀጣጥዬ።

ሻማው ተንጣጣ።
ምንታምር ዳይሱን አስቀመጠች።
ቀስ ብላ ነበር፤ ድምፁ ግን እስካሁን ይሰማኛል።

"አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ ከአንጎለላ መንገድ ዳር።
ማታ ማታ መቃብር ትቆፍራለች ይሏታል፣ ከጅብ ጋር።
እሷ ግን ዳፍንት ነበረባት።
ጀምበር ካዘቀዘቀች በሩ ከግድግዳው አይለይላት፤
ጓሮ ስትወጣ እኔ ነበርኩ እጇን የምይዛት፣
የስምንት ዓመት ልጅ፣ 'ድንጋይ አለ፣ እምዬ፤ እግርሽን አንሺ' የምላት።
በጎረቤት አጥር ሥር ስናልፍ ልጆቻቸውን ያስገባሉ፤
'ሌት ታያለች' ይላሉ።
ሌት። ሌት እኮ ነው የሚሉት።"

ማንም አልመለሰ። ኃይለልዑል ላጲሱን ፈለገ፤
ዓባይነህ ያልፈሰሰ ሰም ከጠረጴዛው ጠረገ።
"አትሰርዘው" አለች። "ጻፍ፦ ጅብ-ለበስ። በጨለማ የሚያየው፦ ዜሮ።
ችሎታው፦ የልጅ እጅ፣ የልጅ እግር፣ የልጅ ጆሮ።"

ጻፈው። ያንን ፍጡር እኔ ወሰድኩት፤ ማንም አላዘዘኝ።
ዋሻው ውስጥ አራት ጊዜ ወደቅሁ፤ ዳይሱም አላገዘኝ።
ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ተራዬ ያልፋል፤
ሻማው ደግሞ እንደ ሰው ትዕግስት ከሥሩ ያልቃል።

አራት ሰዓት ላይ ወጣን። መብራቱ አልመጣም።
ከድልድዩ ጥግ ጅብ ቆሟል። አልሸሸም፣ አልቀረበም።
ዓባይነህ የስልኩን ባትሪ ቢያበራ ሁለት ዓይን ቦግ አለ፤
ቢያጠፋው፣ ድርግም፤ ጅቡም የሌለ ያህል ሆነ፣ እያለ።
"አያችሁ?" አለች፤ "የራሱ እሳት እንኳ የለው፤ ያበራው በኛው ነው።"

ከዚያ ስልኩም ሞተ። ትከሻ ለትከሻ ተያያዝን፤
እኔ መጨረሻ። ኮረኮንቹ፣ ቦዩ፣ ያልታጠረው ጅምር ቤት፣
በቀን በቀን የምመላለስበት ነው፤
አንዱንም አላውቀውም።
ከፊት ማን እንደሚሄድ አላየሁም።
ድምፅ ግን መጣ፣ በሦስት ትከሻ ተሻግሮ፣
ቁጣም ምሕረትም የሌለበት፦
"ድንጋይ አለ። እግርህን አንሳ።"