መሰላል የነበረው አጥር

ተቆጣጣሪዋ መጣች በማክሰኞ ጠዋት፣
ሜትሯ ከወገቧ፣ መዝገቧ ከብብት።
የገንዳዬን ዙሪያ ለካች፣ ጻፈች፣ ለካች፣
በሩን ከፍታ ለቀቀች፤
ብቻውን ሲዘጋ ራሷን ነቀነቀች።
በኋላ ግን ዞራ በሚልኮ ግቢ በኩል፣
ከምንጋራው አጥር ስር ቆይታ ስታስተውል፣
«ዴዝመንድ፣» አለች፣ «ይሄ አጥር አይደለም።
መሰላል ነው። ሌላ ስም የለውም።»

ተቀየምኩ።
ሠላሳ አንድ ክረምት ዝናብ የደበደበው፣
የባንበሪ ነፋስ በጨው ያሻሸው፣
አንድ ሚስማር ያልጣለ የእጄ ሥራ ነው።
የጃራ እንጨት፣ ቀይ፣ እንደ ብረት ከባድ፣
ምስጥ እንኳ ቀምሶት የተወው በግድ።
ለካስ ጥፋቴ እሱ ኖሯል፤
አግዳሚው አይሰበርም፤ ሰው ይሸከማል።

ዳኒካ የሚልኮ የልጅ ልጅ ናት።
ሁለት ዓመት ከአራት ወር፤
መራመድ ሰልችቷት፣ መውጣት የጀመረች።

ተቆጣጣሪዋ ስትሄድ ግራ ቀኝ አይቼ፣
ሰባ አንድ ዓመቴን ከላዬ አራግፌ፣
ያመመኝን ጉልበት ሚልኮ ሳር ላይ አጥፌ፣
በዳኒካ ቁመት ቀና ብዬ ባየው፣
ሁሉም ነገር «ነይ» ነው፦
ታችኛው አግዳሚ ለቀኝ እግር ማሳረፊያ፣
መካከለኛው ለግራ፣ ላይኛው መንጠላጠያ፣
የሎሚው ቅርንጫፍ እጁን ዘርግቶ እንደ አጎት፣
የተደፋው ማሰሮ ከፍ ሊያደርጋት፤
ከዚያ ወዲያ ገንዳው፣
ሰማይ ለብሶ የተኛው።

ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ።
ይሄኛው አያሳስቅም እንኳ፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል።
ከመንገዳችን ጫፍ አንድ ቤት አለ፤
ገንዳውን አፈር ሞልተው ጽጌረዳ ተክለውበታል።
ጽጌረዳው ያምራል።
ለምን እንደተተከለ ማንም አይጠይቅም፣
እኔም እዚህ አልጽፈውም።

ቅዳሜ ሚልኮ መጋዝ ይዞ መጣ፤
ሎሚው ስር ቆመ፣ ላቡ ግንባሩን እያጠበ።
«ሚስቴ የተከለችው ነው፣» አለ።
አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው።
ከዚያ ቆረጠው።

እኔ ጣውላ ሰንጥቄ ሽብልቅ አወጣሁ፣
አንድ ጎኑ ስለት፣ አንድ ጎኑ ዳገት፤
በየአግዳሚው ትከሻ በብሎን አጣበቅሁ፣
ለትንሽ እግር ጣት እንዳይሆን መሠረት፣
ወፍ እንኳ ብታርፍ ተንሸራታ እንድትወርድ።

ልጄ ላቅላን በዚህ አጥር ስንቴ ተሻግሯል፣
ቬስናም፣ የዳኒካ እናት፣
ኳስ ፍለጋ፣ ጠብ ፍለጋ።
ያኔ ከማዶ የነበረው ሳር ብቻ ነው።
ጉልበታቸው የላጠው ቦታ አሁንም ያበራል።
እዚያ ጋ ስደርስ መሰርሰሪያው ቆመ።
ባትሪው አልቆ ነው፤
ለሚልኮ ያልኩት እንደዚያ ነው።

እሁድ ዳኒካን ለቀቅናት።
እንደ ባለቤት ገሰገሰች ወደ አጥሯ፣
ጣቷን ሰካች፣ ተንሸራተተች፣
ጫማዋን አውልቃ ሞከረች፣ ተንሸራተተች፣
ማሰሮውን ፈለገች፤ የለም፤
የሎሚውን እጅ ፈለገች፤ የለም።
በቂጧ ሳሩ ላይ ዱብ አለችና
ሰፈሩን በጩኸት አናወጠችው።
ሁለት ሽማግሌዎች በልጅ ልቅሶ
እንደዚያ ደስ ብሎን አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ።
እስከ ዛሬ ሚልኮ አግዳሚው ላይ ቆሞ፣
ራሱን ብቅ አድርጎ ሎሚ ይሰጠኝ ነበር፣
እኔም ያነበብኩትን ጋዜጣ፣ የክሪኬቱን ውጤት።
አሁን እሱንም ያንሸራትተዋል።
ለመገናኘት በመንገዱ ዞሮ በር ማንኳኳት ነው።
አርባ ሦስት እርምጃ።
ቆጥሬዋለሁ፤ ሄጄም፣ ተመልሼም።